«መልሱን ማሽን ከወሰደው ለእኔ የሚቀረኝ የበር ጥበቃ ነው?»

«ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቄ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ በር ላይ መታወቂያ መያዝ፣ መጽሐፍ ማዋስና መረከብ፣ ማታ ደግሞ ወንበር ማስተካከል ነው። መጻሕፍቱንና ውሰቱን በኮምፒውተር የምንመዘግብበት ኮሃ የሚባለው ሥርዓት ተተክሎልን ነበር፤ ሰርቨሩ ከተበላሸ ወዲህ ግን ወደ መዝገብ ደብተር ተመልሰናል። ተማሪዎቹ የሚመጡት ለዋይፋይ፣ ለስልክ ቻርጅና ሃንድአውታቸውን ለማንበብ ነው፤ መጽሐፉን በቴሌግራም ያገኙታል፣ ጥያቄያቸውን ለቻትጂፒቲ ያቀርባሉ። በቅርቡ አንድ ተመራቂ ተማሪ ከዚሁ ማሽን ያገኘውን የጥናት ጽሑፎች ዝርዝር ይዞ መጥቶ ‹ፈልጊልኝ› አለኝ። ቀኑን ሙሉ ብፈልግ አብዛኞቹን ማግኘት አልቻልኩም፤ እሱ አዝኖ ሄደ፣ እኔም አፈርኩ። ሶፍትዌር የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ‹የሞተ ሙያ ላይ ተቀምጠሽ ዕድሜሽን አታባክኚ፤ ኮዲንግ ተማሪ፣ እኔ እከፍልልሻለሁ› ይለኛል። ካታሎግ መሥራቱንም መልስ መስጠቱንም ማሽን ከወሰደው ለላይብረሪያን የሚቀረው የበር ጥበቃ ብቻ ይመስለኛል። ሙያውን ልተው? ካልተውኩስ ሁለተኛ ዲግሪዬን በምን ልቀጥል? — ግራ የገባት ላይብረሪያን»

ውድ እኅቴ፣

ከደብዳቤሽ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እንደ ዋዛ ያለፍሽውን የዚያን ተማሪ ጉዳይ ነው፤ ለጥያቄሽ የሚሆነው መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ስላለ ከእሱ ልጀምር። ቀኑን ሙሉ ፈልገሽ ካጣሻቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም ያልተጻፉ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መልስ የሚሰጡት ከዚህ ቀደም ከተመገቡት እጅግ ብዙ ጽሑፍ በመነሣት፣ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው የትኛው እንደሆነ እየገመቱ፣ ቃልን ከቃል በማያያዝ ነው። የጥናት ጽሑፍ ዋቢ ደግሞ መልኩ የታወቀ ነገር ነው፤ የጸሐፊ ስም፣ ዓመት፣ ርእስ፣ የመጽሔት ስም፣ ቅጽና ገጽ አለው። መልኩ እንዲህ የታወቀ ነገር ለመኮረጅ ስለሚቀል፣ ማሽኑ በዘርፉ የሚታወቅ ተመራማሪ ስም፣ በእርግጥ የሚታተም መጽሔትና አሳማኝ ርእስ አጋጥሞ ጨርሶ ያልነበረ ጽሑፍ ሊያቀርብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆች በዚሁ መንገድ የተፈጠሩ፣ በየትኛውም ችሎት ያልተሰጡ ውሳኔዎችን ጠቅሰው ጽሑፍ በማስገባታቸው ዳኛው የ5,000 ዶላር ቅጣት ወስነዋል። በመካከላቸው ዝርዝሩን ተቀብሎ «እስቲ ይህ ውሳኔ የታተመበት ቅጽ ይምጣ» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያ ባልደረሰ ነበር።

ያንቺ ተማሪ እንዲህ ያለ ሰው ነበረው፤ አንቺ ነበርሽ። የጎደለው ፍለጋሽን ወደ ማስረጃ መቀየሩ ብቻ ነው። ተማሪውን ካገኘሽው ዝርዝሩን እንደገና ተቀበዪውና እያንዳንዱን ርእስ በጎግል ስኮላርና የታተሙ ጥናቶች መለያ ቁጥር በሚመዘገብበት በክሮስሬፍ ፈልጊው፤ ዲ.ኦ.አይ. የሚባለው ይህ መለያ ቁጥር ተጽፎለት ከሆነ ቁጥሩ ወዴት እንደሚወስድ እዪ፤ ከዚያ ወደ መጽሔቱ የራሱ ድረ ገጽ ገብተሽ የተጠቀሰውን ቅጽና ገጽ ክፈቺ። ብዙ ጊዜ በዚያ ገጽ ላይ የሌላ ሰው፣ የሌላ ርእስ ጽሑፍ ታገኚያለሽ። ከእያንዳንዱ ዋቢ አጠገብ «አለ»፣ «የለም»፣ «ጸሐፊው አለ፣ ርእሱ ግን የእሱ አይደለም» ብለሽ ጻፊና ስጪው። «አላገኘሁትም» ከማለት አልፎ «ይህ ጽሑፍ የለም» ብሎ በማስረጃ መናገር የሚችል ሰው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጥቂት ነው። አማካሪዎች ይህን ማጣራት የሚችል ሰው በቤተ መጻሕፍቱ እንዳለ ቢያውቁ ተማሪዎቻቸውን ወደ አንቺ እንደሚልኩ አልጠራጠርም፤ ይህም መታወቂያ ከመያዝ የተለየ ወንበር ይሰጥሻል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልመለስ። ቴክኖሎጂ ይህን ሙያ ሲነቀንቀው የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄንሪየት አቭራም የምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ፣ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ሳይኖራት፣ የካርድ ካታሎግን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ማርክ የተባለ ቅርጽ ሠራች። ኮሃችሁ በሚሠራበት ጊዜ በ245 ቁጥር ሥር የመጽሐፉን ርእስ፣ በ100 ቁጥር ሥር የደራሲውን ስም ስትሞዪ በእሷ መስመር ላይ ነበር የምትጽፊው። ለቤተ መጻሕፍት ካርድ እያተመ ሲልክ የኖረው ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የመጨረሻውን ካርድ ያተመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ነው። ካርድ በታይፕ መጻፍ ሥራው የነበረ ሰው በእርግጥ ሥራውን አጥቷል፤ ይህን አልሸፋፍንልሽም። ደራሲው ማን እንደሆነ፣ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ፣ ይህ እትም ከዚያኛው በምን እንደሚለይ የሚወስነው ሰው ግን ከካርዱ ወደ ኮምፒውተሩ ተሻግሯል።

ከአገራችን ልጥቀስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1973 በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ አጋሩ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ነበር። ገጹን አሳንሶ በፊልም ላይ የሚያስቀረው ማይክሮፊልም በዚያ ዘመን ለዚህ ሥራ ተመራጭ ቴክኖሎጂ ነበር። ፊልሙ ዛሬ ወደ ዲጂታል ተቀይሮ፣ አንድ ጊዜ በደብረ ጽጌ ወይም በሐይቅ ዕቃ ቤት ውስጥ ብቻ ይገለጥ የነበረ ዓይነት መጽሐፍ በስልክ ላይ ይነበባል። መሣሪያው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ ማለት ነው። ከፊልሙም ሆነ ከዲጂታሉ ጋር የኖረው ግን የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካታሎግ ነው። በአብዮቱ ጊዜ በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት እኚህ ሊቅ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ በውስጡ ምን ምን ድርሰት እንዳለ፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ ላይ ምን ዓይነት የርስት ወይም የስጦታ ማስታወሻ እንደሰፈረ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ሽልማት የተሰጣቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የዓለም ተመራማሪ ሁሉ ደጅ የሚጠናቸው በዚህ ሥራ ነው። ካታሎግ ሠሪ ነበሩ፤ ያንቺው ሙያ ሰው ነበሩ። ይህን ስትሰሚ ልብሽ ትንሽ ቀና እንዲል እፈልጋለሁ።

«እሳቸው የብራና ሊቅ ናቸው፤ እኔ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ነኝ» ትዪኝ ይሆናል። እንግዲያው በራስሽ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሥራ ላሳይሽ። የባለቅኔውን የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ስም ውሰጂ። የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ ይጻፋል፤ የአባቱ ስም ተለያይቶ ወይም ተጣብቆ ይጻፋል፤ በውስጡ ያለው ድምፅ በኅ፣ በሕ ወይም በህ ይጻፋል። ይህ ብቻ አሥራ ሁለት መልክ ይሆናል። ለአንቺና ለእኔ ሁሉም አንድ ሰው ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስለያዘ፣ ለኮምፒውተሩ ሐ፣ ሀ እና ኀ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ላይብረሪያን በጸ መዝግቦት ተማሪው በፀ ከፈለገ፣ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ላይ እያለ ኮምፒውተሩ «ምንም አልተገኘም» ይለዋል፤ ተማሪውም ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። በሞክሼ ፊደላት ምክንያት ስንት መጽሐፍ በየቤተ መጻሕፍታችን ተቀብሮ እንደሚኖር ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገር ችግሩ ይብሳል። አበሻ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባቱን ስም ነው የሚያስከትለው። የውጭ ሶፍትዌርና የውጭ መጽሔት ግን ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድማል፤ በዚህም የተነሣ የጌታቸው ኃይሌ ሥራ በአንዱ መዝገብ «ጌታቸው» ተብሎ ከገ ዘንድ፣ በሌላው «ኃይሌ» ተብሎ ከኀ ዘንድ ይቀመጣል፤ «ቸ» በላቲን በሁለት ዓይነት ስለሚጻፍም እንደገና ይከፈላል። የኢትዮጵያውያንን ስም በራሱ በግለሰቡ ስም መመዝገብ የታወቀ የካታሎግ ደንብ ነው፤ ደንቡን በየመዝገቡ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያስከብረው ግን ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፤ ሽፋኑ ላይ 1958 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የ1965 ወይም የ1966 እትም ሆኖ ሳለ፣ መዝጋቢው ሳያስተውል 1958 ብሎ ከሞላው ደራሲው ገና ያልጻፈውን አሳትሞ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ማሽን አያስተካክለውም አልልም፤ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ሞክሼዎቹን የሚያውቅ ሰው ካዘዘው። ኮሃ የሚጠቀምበት የፍለጋ ማውጫ የፊደል መቀያየሪያ ደንብ እንዲጨመርበት የተበጀ ነው፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ እያመጣ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል። ደንቡ ጥቂት መስመር ነው። ግን ጥቂቷን መስመር ለመጻፍ ፊደሉንም፣ ካታሎጉንም፣ ኮምፒውተሩንም ማወቅ ይጠይቃል፤ ወንድምሽ ሦስተኛውን ያውቃል፣ አንቺ ሁለቱን ታውቂያለሽ።

ስለዚህ የወንድምሽን ገንዘብ ተቀበዪ። በቅንነት ነው ያቀረበልሽ፤ የተሳሳተው ስለ ሙያሽ ባለው ግምት እንጂ ኮዲንግ በማለቱ አይደለም። የምትማሪውን ግን ለይተሽ ምረጪ። የስልክ መተግበሪያ መሥራት ላንቺ አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ከመረጃ ቋት መረጃ መጠየቂያ የሆነውን ኤስ.ኪው.ኤል. ተማሪ፣ ምክንያቱም በእሱ ኮሃ ውስጥ ማንኛውንም ሪፖርት በራስሽ ጥያቄ ማውጣት ትችያለሽ፤ ከዚያ ኦፕንሪፋይን የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ልመጂ፣ አንድን ስም በአሥራ ሁለት መልክ የተጻፈበትን ዝርዝር ሰብስቦ አንድ ለማድረግ ከእሱ የተሻለ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይከተላል። ላይብረሪ ካርፔንትሪ የተባለው ቡድን ለላይብረሪያኖች ብሎ ያዘጋጃቸው ትምህርቶች በነጻ ይገኛሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ያለ ክፍያ ስለሆነ ለመነሻ ይሆንሻል፤ የወንድምሽን ብር ለጠንከር ያለው ኮርስ አቆዪው።

በአንድ ነገር ከአንቺ ጋር እስማማለሁ። በር ላይ መቆምና ማዋስ መመለስ እንደ ሙያ አይቀጥልም። መጽሐፍን ራስ በራስ ማዋሻ ማሽን በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል፤ ውጭ አገር የታተመን የኬሚስትሪ መማሪያም እንደ አዲስ ካታሎግ መሥራት የጊዜ ብክነት ነው፤ ሌላው ቤተ መጻሕፍት የሠራውን መዝገብ በኮሃ ውስጥ በአንድ ደቂቃ መቅዳት ይቻላል። ሥራሽ ይህ ብቻ ሆኖ ከቀጠለ ወንድምሽ ልክ ነው። ማንም ሊቀዳልሽ የማይችለው ግን የእናንተው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአካባቢው የግብርና ጥናት፣ በአዳራሽ የተበተነ የጉባኤ መድበል፣ በአማርኛ ታትሞ አንድ መቶ ቅጂ ብቻ የተሰራጨ የአንድ ወረዳ ታሪክ ነው። እነዚህን አብዛኞቹን ሌላ አገር ያለ ሰው አልመዘገባቸውም። ማሽኑም ቢሆን ተመዝግቦ ያልተቀመጠን ነገር ከየት አምጥቶ ይመልሳል? ተማሪው ስለ አካባቢው አፈር ሲጠይቀው የፈጠራ ዋቢ የሚሰጠው አንዱ ምክንያት እውነተኛው ጥናት በእናንተ ሕንፃ ምድር ቤት በካርቶን ታስሮ ስለተቀመጠ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የነጻ ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን ዲስፔስ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ላይ ለሕዝብ ከፍቷል። ፖሊሲው በወረቀት ላይ አለ፣ ሶፍትዌሩም በነጻ አለ፤ ጽሑፉን የሚቀበል፣ ርእሱንና ጸሐፊውን አጣርቶ የሚሞላ፣ ስካን የሚያደርግና ቅጂው እንዳይጠፋ የሚከታተል ባለሙያ ግን በየዩኒቨርሲቲው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ በክፍትነት ተለጥፎ እስኪወጣ አትጠብቂ።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር ብቻ ልበል። ተማሪው ፒዲኤፍ በመፈለጉ አትፍረጂበት፤ መጽሐፍ ውድ ነው። አንቺ ግን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቢ፤ ለቤተ መጻሕፍት የተፈቀደውን ቅጂ ከተከለከለው ለይተሽ እወቂ፤ ደራሲዎቻችን ከድካማቸው የሚያገኙት ጥቂት ነውና የቤተ መጻሕፍት ሰው በዚያ ላይ መጨመር የለበትም። ለጤናና ለግብርና ተማሪዎች ደግሞ ሪሰርችፎርላይፍ በሚባለው መርሐ ግብር በኩል ብዙ ሺህ መጽሔቶች በሕጋዊ መንገድ፣ ለእኛ መሰል አገሮች ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። የይለፍ ቃሉ ከአንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ተማሪው ሳያውቀው የሚመረቅበት ተቋም እንዳለ አውቃለሁ። የእናንተ የት እንዳለ ጠይቂ።

ሁለተኛ ዲግሪ ስለጠየቅሽው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 ለአፍሪካ ተብሎ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ሲከፍት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪ ይመጣ ነበር፤ ትምህርቱ ዛሬም አለ። ቀጥዪ እልሻለሁ፤ ለደረጃ ዕድገት ወረቀት ብቻ ከሆነ ግን አትቸኩዪ። ለመመረቂያሽ የምትሠሪውን ችግር ከመመዝገብሽ በፊት ከሥራ ቦታሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የሞክሼ ፊደላት ፍለጋ፣ የአንድን ደራሲ ስም ልዩ ልዩ አጻጻፍ አንድ የሚያደርግ የስም መዝገብ፣ የአካባቢ ጽሑፍ አያያዝ እያንዳንዳቸው ሙሉ ጥናት ይወጣቸዋል። በግእዝና በአማርኛ ላይ የቆመ የዲጂታል ካታሎግ ዕውቀት በውጭም ይፈለጋል፤ በጀርመን ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል ስም የኢትዮጵያና የኤርትራን ብራናዎች በዲጂታል የሚመዘግብ የረጅም ዘመን ፕሮጀክት አለ። አንድ አበሻ ልጅ ለዚያ ሥራ ብቁ ሆኖ ቢገኝ እንደምደሰት አልደብቅሽም፤ ቢሆንም አገር ውስጥ ብትቀሪ ይበልጥ እደሰታለሁ።

ደመወዝን በተመለከተ አላባብልሽም። በመንግሥት ቤተ መጻሕፍት የሚከፈለው ሶፍትዌር ቤት ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም፤ ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነና ኑሮው ካልገፋ ለገንዘብ ብለሽ ብትለቂ የሚያሳፍር አይደለም፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። «ሙያው ሞቷል» ብለሽ ግን አትልቀቂ፤ ምክንያትሽ እሱ ከሆነ ነገሩን ከበር ላይ ሆነሽ ነው ያየሽው፤ ወደ ውስጥ አላስገቡሽም። እንግዲህ ወደ ውስጥ ግቢ። አንድ ዓመት ያህል ለራስሽ ስጪው፤ ከላይ ካነሣኋቸው አንዱን ብቻ መርጠሽ ያዢ፤ ሁሉንም አትንኪ። እኔ ብሆን የስሙን መዝገብ እመርጥ ነበር፣ በጀት ስለማይጠይቅ።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። የተበላሸው ሰርቨር የት ነው ያለው? ኮሃ በተለመደው አተካከሉ የመረጃ ቋቱን ቅጂ በየሌሊቱ በራሱ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ደኅና ከሆነ ባልደረቦችሽ በስንት ድካም የሞሉት መዝገብ እዚያው ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ቅጂው ከተገኘም ለጊዜው በአንድ ደኅና ዴስክቶፕ ላይ ሊነሣ ይችላል። ትልቁ አደጋ ንብረት ክፍሉ እንደ አሮጌ ዕቃ ቆጥሮ እንዲወገድ ማድረጉ፣ ወይም አንዱ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ዲስኩን ማጥፋቱ ነው። ሰርቨሩ እንዳይነካና የመረጃው ቅጂ እንዲወጣ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጻፊ፤ ቅጂውን ከአይሲቲ ባለሙያ ጋር ሆነሽ ለማውጣት ፈቃደኛ መሆንሽን ግለጪበት፤ በግልባጭ ለአይሲቲ ዳይሬክቶሬትና ለንብረት ክፍሉ አድርጊው፤ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥርም መያዝ አትርሺ።